ብዙ የከፈተ እጅ

ግድግዳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ያስነጥስና ኩርሽም ይጥላል፤ ልጅ ሁሉ የሚያኝከው፣ በእሽግ የሚመጣ ጣፋጭ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ልጅቷ ገና ዓይኗን አልገለጠችም፤ ግን ልትገልጥ ነው፤ ስትገልጥም ልትነጫነጭ ነው። ግድግዳው ይህን ከእናቷ ቀድሞ ያውቃል። ሰዉ ግድግዳውን «ሞግዚት» ይለዋል። የውል ስሙ ሌላ ነው፤ ረጅም ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ሃያ ስምንት የሠራተኛ ሕንፃዎች በሃያ ሰባቱ ውስጥ ምድጃ የለም። በሃያ ስምንተኛው አለ ይባላል፤ ያየ ግን አልተገኘም።

ሀሴት የምትኖረው ዘጠነኛው ሕንፃ፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ኮሌታ ትሰፋለች፤ ከአንገት በታች ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ባሏ ቢኒያም የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይገባም። ልጃቸው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ደብሪቱ ትባላለች። ድሮ የአያት ስም የነበረው ዛሬ የልጅ ስም ሆኗል፤ ድሮ የልጅ ስም የነበረው ደግሞ የአያት። ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዟት የቢኒያም እናት እማማ ሶልያና ይባላሉ።

እማማ ሶልያና ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የሳቸው ዘመን ሰው ሁሉ አንድ የጋራ በሽታ አለበት፤ አውራ ጣት ይሉታል። በወጣትነታቸው ስልክ ሲያንሸራትቱ የኖሩበት ጣት ዛሬ ክር መርፌ ውስጥ አያስገባም። ይህ ነገር በሰው ፊት አይነሳም። የወጣትነቱን ቅሌት በአደባባይ የሚያወራ ማን አለ?

ደብሪቱ ግን የተመሰገነች ልጅ ናት። ሲጠሯት «አቤት» ትላለች፤ «ምን» ብላ አታውቅም። ውኃ ስትባል በሁለት እጇ ይዛ ትመጣለች፤ ጠጥተው እስኪጨርሱም ቆማ ትጠብቃለች። ልጅ እያለ አዋቂ አይነሳም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ልጆች እርስ በርስ እየተነካከሱ ያድጋሉ፤ ደብሪቱን ግን እናቶች ለልጆቻቸው እያሳዩ «አታፍሩም?» ይሉባታል። ክብደቷ ከዕድሜዋ በእጥፍ ቀድሟል። የፊት ጥርሶቿ እንደ ሻይ ቅጠል ጠቁረዋል። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትቀመጣለች። ስለዚህ የሚያወራ የለም፤ የሁሉም ልጅ እንደዚያው ነውና።

አንድ ጊዜ፣ በሦስት ዓመቷ፣ ሀሴት ከፋብሪካው ምግብ ቤት ሽሮ ደብቃ በክዳን ኩባያ አመጣችላት። ልጅቷ አሸተተችው። «እማዬ፣ ሞቷል» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋም ለቅሶ ብቻ አልነበረም፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ ነበር። ጎረቤት በሩን ደበደበ። ግድግዳው ሁለቴ አስነጠሰ። ሀሴት ከወደቁት እሽጎች አንዱን አንስታ ቀደደችው፤ ዝም አለች ልጅቷ። ሽሮውን ሀሴት ራሷ ቆማ በላችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማንም ሌላ ነገር አልሞከረም።

የኩርሽም እሽግ የቀደደውን እጅ ያውቃል። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሁሉም ሰው ይረሳዋል፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ።

ወረቀቱን የሚልከው ሰዉ «አፍ ቢሮ» የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ልጅ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ የመጨረሻው ዓመት ልማዱ ይለካል። ቢሮው ልጅን አይወቅስም። ልጅ ከማህፀን ኩርሽም ይዞ አልወጣም፤ ያስለመደው ቤቱ ነው ይላል፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ስለዚህ ለልጁ ብዙ እሽግ የከፈተው እጅ ይለይና ለሁለት ዓመት ከቤት ይነሳል። ቆላ ውስጥ «እጅ ማሳረፊያ» የሚባል ግቢ አለ። ባለ እጁ እዚያ ይገባል። መጠየቅ አይቻልም።

ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው ማስጠንቀቂያው በበሩ ሥር ገባ። ከመቶ እሽግ፣ እናት ሠላሳ ስምንት። አያት ሠላሳ አንድ። አባት አሥራ አራት። ልጅቷ ራሷ ዘጠኝ። ሌሎች ስምንት። ከሥሩ በደማቁ፦ በቀሩት ሦስት ወራት የእሽጉ ቁጥር ከቀነሰ ቤቱ ልማዱን እንደደበቀ ይቆጠራል፤ ልጅቷም ወዲያው ትወሰዳለች። ወረቀቱ ጀርባም ነበረው፤ በጥቃቅን ፊደል የተሞላ። ሀሴት ፈረቃ ደርሶባት ነበር።

ሊፍቱ በር ላይ ጎረቤቷን እትዬ ሀያትን አገኘቻቸው። እትዬ ሀያት አራት ልጅ በአፍ ቢሮ በኩል አሳልፈዋል፤ ሕንፃው ውስጥ እንደ ጠበቃ ይታያሉ።

«ጻፈልሽ?» አሏት፣ ፊቷን አይተው።

«ጻፈልኝ።»

«ስንት ነሽ?»

«ሠላሳ ስምንት። ቀጣዩ ሠላሳ አንድ።»

እትዬ ሀያት ከንፈራቸውን መጠጡ። «አንደኛ ነሽ በይኛ! ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በይ እንግዲህ፣ ወግ ደረሰሽ።»

«እትዬ፣ አይቀልዱብኝ። ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

«አብሽሪ። የኔ ሰውዬ አርባ ሁለት ነበር፤ ወሰዱት። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሲመለስ ልጁ አላወቀውም። ‹ማነው ይሄ ሰውዬ?› አለኝ። እሱም እስካሁን እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚቀመጠው። እኔ ነኝ የማጎርሰው።»

ሀሴት የሊፍቱን ቁልፍ ደግማ ተጫነች። «ታዲያ ምን ላድርግ? መቀነስ አይቻልም።»

«መቀነስ አይቻልም። ማዞር ግን ይቻላል። ቤት ውስጥ ሌላ እጅ የለም?»

«ማን አለ? ቢኒያም መንገድ ላይ ነው።»

«አንድ ሌላ ሰው ሠላሳ አንድ ነው አላልሽም? ሰባት ቁጥር ምን አላት፤ በሦስት ወር ታልፍሻለች።»

«እማማን? የባሌን እናት?»

«እኔ ስም ጠራሁ?» አሉ እትዬ ሀያት፤ ሊፍቱም መጣ።

ሀሴት ነገሩን ለመናገር አራት ቀን ፈጀባት። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ እማማ ሶልያና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። ደብሪቱ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ታኝካለች። መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ማንበቡን ከጨረሱ ቆይተዋል ማለት ነው።

«አንቺ ብትሄጂ ይቺ ቤት ምን ትሆናለች?» አሉ።

«እማማ፣ ተዉት እሱን አሁን።»

«አልተውም። ቢኒ መንገድ ላይ ነው። የኔ ጡረታ ለራሴ መድኃኒትም አይበቃ። ያንቺ ደመወዝ ሲቆም ቤቱን ይወስዱታል። እኔ ብሄድ ግን ምን ይጎድላል? ቆላ ለአጥንት ጥሩ ነው ይባላል።»

«እንዲህማ አይሆንም።»

«ሁለት ዓመት ነው፤ ነገ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሽጉን የምከፍትላት እኔ ነኝ። አንቺ እጅሽን እንዳታስጠጊ።»

በዚህ አገር ሦስት ጊዜ መግደርደር ደንብ ነው። ሀሴት አንድ ጊዜ ተግደረደረች። ሁለተኛው አልመጣም። እማማ ሶልያናም ሳይጠብቁት፣ የሦስት ዓመት ልጅ ጫማ የሚያህለውን እሽግ አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

ሦስቱ ወር እንደዚህ አለፈ። ግድግዳው ያስነጥሳል። ደብሪቱ እሽጉን አንስታ ለአያቷ ትወስዳለች። አያትና ልጅ ወደ በረንዳው ይወጣሉ፤ የመስታወቱ በር ይዘጋል። ቀድሞ በቀን ስምንት እሽግ የነበረው አሥር ሆነ፤ አሥሩ አሥራ ሁለት። ሰባቷን ቁጥር ቶሎ ለማለፍ ይህ አስፈላጊ ነበር። ግድግዳው ደስ የሚለው ነገር ቢኖረው ኖሮ ያን ወቅት ደስ ይለው ነበር።

ሀሴት ወደ በረንዳው አትመለከትም። ጀርባዋን ሰጥታ ኮሌታ ስትሰፋ መርፌ የወጋውን ጣቷን ትጠቀልላለች፤ ወይም ያልቆሸሸ ኩባያ ታጥባለች። የባሏን እናት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከቤት እያስወጣች መሆኑን ታውቃለች፤ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። በመስታወቱ ውስጥ ድምፅ ይመጣል፦ የእሽጉ መቀደድ፤ ከዚያ እማማ ሶልያና ሁልጊዜ አንድ ቃል ይላሉ፦

«ጎበዝ!»

ለምን ጎበዝ እንደሚሏት አንድም ቀን አልጠየቀችም።

በሁለተኛው ወር ቢኒያም መጣ። ከመኪናው ወርዶ እንደ ልማዱ ቦርሳውን በእሽግ ሞልቶ ገባ፤ ሀሴት ግን በሩ ላይ ያዘችው።

«ልክፈትላት እንዳትል።»

«ልጄን ባዶ እጄን ልሳማት?»

«ሳማት። መክፈቱን ለእማማ ተው።»

ነገሩን ነገረችው። ከዚያ ሄዶ እናቱን ግንባራቸው ላይ ሳማቸው። እሱም አንድ ጊዜ እንኳን አልተግደረደረም። ሲሄድ ደብሪቱ በደረጃው ልትሸኘው ወጥታ አንድ ፎቅ እንደወረደች አምስተኛው ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ተሸክሞ መለሳት። ትንፋሿ ሲመለስላት «አባዬ፣ ይቅርታ» አለችው።

የመጨረሻውን ወረቀት ሰው ነው የሚያመጣው። የመጣው አቶ ኢዩኤል የሚባል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ነበር፤ ሀሴት ፈረቃ አልነበራትም። እማማ ሶልያና ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ከትናንት ጀምሮ አጠገባቸው ቆማለች፤ ውስጧ ሹራብ፣ የዓይን ጠብታና የቢኒያም የልጅነት ፎቶ አለ።

ደብሪቱ ሳትታዘዝ ውኃ ይዛ መጣች። በሁለት እጇ።

«ተባረኪ» አለ አቶ ኢዩኤል፣ ከልቡ። ጠጥቶ ኩባያውን መለሰላት። «እንዲህ ያለ አስተዳደግ እየጠፋ ነው።»

ከዚያ አነበበ። «አባት፣ አሥር። ሌሎች፣ አምስት። አያት፣ ሃያ ሁለት።»

ሀሴት የተሳሳተ መስሏት «ስንት?» አለች።

«ሃያ ሁለት። እናት፣ ሃያ ሰባት።» ገጹን ገለጠ። «ልጅ፣ በራሷ እጅ፣ ሠላሳ ስድስት።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ ይሰማል።

«አይሆንም» አለች ሀሴት። «እሽጉ በልጅ ጣት አይከፈትም። እንዳይከፍቱት ተብሎ ነው የተሠራው።»

«ይከፈታል። ካስተማሯቸው ይከፈታል፤ ማዕዘኑን ጠምዝዞ ነው።»

ሀሴት ወደ ሶፋው ዞረች። «እማማ?»

እማማ ሶልያና ቀና አላሉም።

«እማማ፣ ማን ነበር የሚከፍተው?»

«እኔ አጎርሳት ነበር» አሉ አሮጊቷ። «በኔ እጅ ነው የበላችው። እያንዳንዷን በኔ እጅ።»

«መክፈቱን ነው የጠየቅኩዎ።»

እማማ ሶልያና እጃቸውን ከነጠላው ሥር አወጡ። አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ አንጓው እንደ ዝንጅብል አብጧል። ሊዘረጉት ሞከሩ፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

«መጀመሪያ ቀን ሞከርኩ። አልሆነም። ‹ደብሬ፣ እስቲ ክፈችልኝ› አልኳት፤ ከፈተች። አንድ ቀን ነው ብዬ። ለኔ ስለከፈተችው የሚጻፈው በኔ ይመስለኛላ! ልጅ ብትልኪው ሥራው የላኪው አይደለም እንዴ? ሱቅ የላክሽው ልጅ የገዛው ዳቦ የማን ነው?»

«አልችልም ማለት አቅቶዎት?»

«ልሄድ ነው ብዬ አውጄ፣ እሽግ መክፈት አቃተኝ ልበል?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንቺስ አንድ ቀን ዞር ብለሽ ብታይ ምን ነበረበት?»

ሀሴት መልሱን ታውቃለች። የሚነገር ግን አልነበረም።

አቶ ኢዩኤል ሁለቱም እስኪያበቁ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ የማስጠንቀቂያውን ጀርባ አንብበውት እንደሆነ ጠየቀ። አላነበቡትም። ማንም አያነበውም አለ፤ እየወቀሰ አልነበረም። ጀርባው እንዲህ ይላል፦ የልጁ እጅ ከሁሉም ከበለጠ፣ የሚነሳው የልጁ እጅ ነው። ልጁ ለሁለት ዓመት ወደ ማረሚያ ቤት ይገባል፤ ከወላጅ ጋር አይገናኝም። ግን አንድ ነገር አለ። ልማዱ ካልተደበቀ ልጅ በግድ አይወሰድም። ይጠየቃል። እምቢ ካለ ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ ልኬቱም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሀሴት ትንፋሽ አገኘች። «እምቢ ካለች ትቀራለች?»

«ትቀራለች። ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ፤ ይነክሱኛልም።» እጅጌውን ሰብስቦ አንጓው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያት። «ግን ቤተሰብ ምክር መስጠት አይችልም። በቃልም፣ በምልክትም። ከሰጠ ልጁ እንደተስማማ ይቆጠራል። ከአሁን ጀምሮ ባትናገሩ ጥሩ ነው።»

ሀሴት እጆቿን ከጀርባዋ አቆላለፈች። ፊቷ እንኳን ምልክት እንዳይሆን የልጇን ፊት ትታ የኮሌታዋን ቁልፍ አየች፤ የምትጠየቀው ልጅቷ ሳትሆን ቁልፉ ይመስል ቁልፉን ለመነችው። አንድ ቃል ነው። ልጆች ሁሉ በሁለት ዓመታቸው የሚጀምሩት ቃል ነው። እትዬ ሀያት ቤት ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በዚህ ቤት ግን ያ ቃል ነውር ነበር። ልጅቷ ገና መናገር ስትጀምር አንዴ ሁለቴ ሞክራው ከንፈሯን ተመትታለች። የመታቻት ሀሴት ራሷ ነበረች፤ ሰው እየመሰከረላት፣ «እንዲህ ነው እንጂ ማሳደግ!» እየተባለላት።

አቶ ኢዩኤል ተንበረከከ። ዓይኑ ከልጅቷ ዓይን ጋር እኩል ሆነ።

«ደብሪቱ።»

«አቤት።»

«እኔ ወደ አንድ ቦታ እሄዳለሁ። ሩቅ ነው። እዚያ ብዙ ቀን ይታደራል፤ እማዬና አያትሽ አይመጡም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ? አልሄድም ማለት ትችያለሽ። አልሄድም ብትዪ ማንም አይቆጣሽም።»

ደብሪቱ መጀመሪያ እናቷን አየች። እናቷ ቁልፏን ታያለች። ከዚያ አያቷን አየች። አያቷ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። ትልልቆቹ ሁሉ ዝም ብለዋል። ዝም ያሉት አንድ ነገር ከሷ ስለሚጠበቅ ነው፤ እንግዳውም ተንበርክኮ ነው የጠየቃት፤ የተንበረከከ ሰው ደግሞ አይመለስም።

ዕንባዋ መጣ፤ ወደ ውስጥ መለሰችው። ይህንም አስተምረዋታል።

«እሺ» አለች።

አቶ ኢዩኤል ትንሽ ቆየ። ቃሏን ትለውጥ እንደሆነ ብሎ መሆን አለበት፤ ሕጉ ከሚለው በላይ ጠብቋል። ከዚያ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ደብሪቱ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ ስትል ሆዷ አላስደርስ አላት፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አጠለቀች። እማማ ሶልያና ከሶፋው ወርደው ሊረዷት ቢሞክሩም አቶ ኢዩኤል በእጁ ከለከላቸው።

«በራሷ» አለ፣ በትሕትና።

በሩ ተከፈተ። ደብሪቱ ደፉ ላይ ደርሳ ቆመች። ዞረች። የመላክ ደንብ አለው፤ ወደ ታች ሱቅም ይሁን ወደ ጎረቤት፣ የሚመጣውን ሳይጠይቁ መሄድ አይገባም።

«እማዬ፣ ምን ይዤ ልምጣ?»

ሀሴት አፏን ከፈተች፤ ወዲያው መልሳ ዘጋችው። አቶ ኢዩኤልን አየችው። ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች፤ መልስ ሳታገኝ አትሄድም፤ ቀኑን ሙሉ ልትቆም ትችላለች። ከሊፍቱ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል።

አቶ ኢዩኤል ወረቀቱን ወደ ታች አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን መመለስ ይፈቀዳል» አለ። «ተስማምታለችና።»

«ምንም» አለች ሀሴት። «ምንም አታምጪ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ሄደች።